በክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው

በላንዲስ ጋፕ ከተማ የካዝ ኩባላ ድምፅ የማይታወቅበት ቤት አልነበረም። የድንጋይ ከሰሉ ጉድጓድ ተዘግቶ ሥራ ፈት በሆነበት ዘመን፣ ከታላቅ እህቱ ከበርናዲን ጋር ሆኖ በወላጆቻቸው ምድር ቤት ውስጥ አንዲት ትንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያ አቋቋመ። ቅዳሜ ማታ በእሳት አደጋ ተከላካዮች አዳራሽ የሚጨፈረውን ፖልካ፣ እሑድ ጠዋት ከቤት መውጣት ላቃታቸው ቅዳሴውን፣ በበረዶው ወራት ደግሞ የተማሪዎችን የትግል ግጥሚያ ያሳያሉ። ማን እንደሞተ፣ ቀብሩም የት እንደሆነ ካዝ በየምሽቱ ያነባል። ካሜራውን የምትይዘው፣ ሽቦ የምትጠግነው፣ ከሥጋ ቤቱና ከቀባሪው ማስታወቂያ የምትለምነው በርናዲን ናት። ካዝ አኮርዲዮኑን አንግቶ፣ «እንደምን አመሻችሁ! ጉልበት ያላችሁ ተነሡ፣ የሌላችሁ አጨብጭቡ!» የምትለዋን መግቢያውን በዜማ ሲጀምር፣ አልጋ የያዘ ሽማግሌ ሳይቀር ከብርድ ልብሱ ሥር እግሩን ያንቀሳቅስ ነበር ይባላል።

ከተማዋ በተራሮች መሃል የተሰነቀረች ስለሆነች በአንቴና የሚያዝ ነገር የለም፤ ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን የሚያየው በኬብል ነው። ኬብሉ የአንድ ቤተሰብ ንብረት በነበረ ጊዜ የኩባላዎች ጣቢያ ቁጥር ሦስት ላይ ተቀምጣ ማንም ሳይነካት ኖረች። ኋላ ቤተሰቡ አረጀና ለትራይ ሪጅ ኩባንያ ሸጠ። የትራይ ሪጅ አለቆች ሩቅ ናቸው፤ በከተማዋ ላይ ሥራ አስኪያጅ አድርገው ያስቀመጡት ግን የአገሩን ልጅ፣ ዳሪል ሃንሲከርን ነው። ዳሪል ከበርናዲን ጋር አንድ ክፍል የተማረ፣ ዝምተኛ፣ ነገር የማይወድ ሰው ነበር።

አንድ ቀን፣ የዛፉ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ዳሪል ካዝን ወደ ቢሮው ጠራው። ካዝ ሲመለስ ፊቱ በርበሬ መስሎ ነበር። እራቱን ሳይነካ ለእህቱ ነገራት። ዳሪል በሩን ዘግቶ፣ ከበላዮቹ የተላከለትን ወረቀት እያየ፣ የጣቢያችሁን ግማሽ ድርሻ ለኩባንያው ስጡ፣ አለዚያ ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ ከዝርዝሩ ትወጣላችሁ ብሎታል። ካዝም፣ ግማሹን የፈለገ ሰው መጥቶ ከእኔ ጋር ግማሹን ወንበር ይሸከም ብሎት ወጥቷል። የሚሸከመው ወንበር የአዳራሹን ነው፤ ከየጭፈራው በኋላ እሱና በርናዲን ናቸው የሚደረድሩት።

አዲሱ ዓመት ገባ። ቁጥር ሦስትን የከፈተ ሰው አንዲት ሴት የአንገት ጌጥ ስትሸጥ አገኘ። የበርናዲን ስልክ መጮኽ አላቆመም። ካዝ ለሁሉም ራሱ እየመለሰ፣ እንዋጋቸዋለን እያለ ሰነበተ። ግን ሳይዋጋ፣ በዚያው ወር፣ ከደጃፉ በረዶ ሲጠርግ አካፋውን እንደያዘ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎኑ ከዳው፤ ከሁሉ የከፋው ግን ቃል መክዳቱ ነው። አእምሮው አልተነካም፤ ሰው ይለያል፤ ቀልድ ይገባዋል። ሆኖም «ውሃ» ሊል ሲፈልግ «ጫማ» ይላል፤ «አዎ»ን እና «አይደለም»ን እንኳ ያቀያይራል። ጥርት ብሎ የሚወጣለት ስድብ ብቻ ነበር። ሐኪሞቹ ይህ የተለመደ ነው ብለው በርናዲንን አጽናኗት። ያ ሁሉ ንግግር የነበረው ሰው በስድብ ብቻ ሲቀር እንደምን እንደሚያጽናና አልገባትም።

በርናዲን ወንድሟን በማገገሚያው ቤት እያስታመመች ነገሩን ከዳር ልታደርስ ቆረጠች። በዋሽንግተን እንዲህ ያለውን ጠብ የሚያይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዳለ ሰምታ ደወለች። ብዙ ቦታ ካዟዟሯት በኋላ ቶሊቨር የሚባል ሰው ስልኩን አነሣ። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የማይቸኩል ሰው ነው። ሕጉ ግልጽ ነው አላት። የኬብል ኩባንያ አንድን ጣቢያ፣ አሳይልሃለሁ፣ አንተ ግን ከንብረትህ ድርሻ አካፍለኝ ማለት አይችልም። ይሁን እንጂ መከልከሉን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መደረጉን ማስረዳት ሌላ ነው። መመሪያውን በፖስታ ልላክልዎት አላት።

ፖስታው ሲደርስ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ያህል ወፍሮ ነበር። አቤቱታ ከማቅረብ በፊት ልከስሽ ነው ብሎ ለኩባንያው ማስጠንቀቂያ መጻፍና መልሱን መጠበቅ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ነገር በየቁጥሩ ለይቶ ማስፈር፤ ቅጂውን ለተከሳሹ ማድረስና ማድረሱንም በፊርማ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ግን፣ ተደረገ የሚባለው ነገር ሁሉ በዓይኑ ባየና በጆሮው በሰማ ሰው ቃለ መሐላ መደገፍ አለበት። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ይህን ሁሉ አዘጋጅቶ ለመጨረስ አንድ ሰው በግምት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት መንግሥት አስልቶ በደቃቅ ፊደል ጽፏል። ግምቱ ልክ አይደለም የሚል ሰው አስተያየቱን የሚልክበት አድራሻም አለ። በርናዲን ቁጥሩን አይታ ሳቀች፤ ያን ያህል ጊዜ አንብባ ለመጨረስ እንኳ አልበቃትም ነበር።

ወረቀቱን ተሸክማ ወደ ኤልውድ ራይፍ ሄደች። ራይፍ ኑዛዜና የቤት ሽያጭ ውል ሲጽፉ ያረጁ ጠበቃ ናቸው። እንዲህ ያለ ክርክር ይዘው እንደማያውቁ፣ ቢሳሳቱም እንዳትቀየማቸው አስቀድመው ነገሯት። ግን እናታቸው እስክትሞት ድረስ የእሑዱን ቅዳሴ በዚያች ጣቢያ ትከታተል ስለነበር እምቢ አላሏትም። ማስጠንቀቂያውን ጽፈው ላኩ። የኩባንያው ጠበቆች መልስ ፈጥኖ መጣ። ድርሻ የጠየቀ ሰው የለም፤ ጣቢያዋ የወጣችው ተመልካች ስለሌላት ነው ይላል።

ራይፍ መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንግዲህ ክርክሩ በሙሉ የሚቆመው በዚያ ክፍል ውስጥ በተባለው ነገር ላይ ነው አሏት። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ካዝ፣ ሌላው ዳሪል።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። የአገሩ ጾም ሥጋ እንጂ ዓሣ ስለማይከለክል፣ ዓርብ ዓርብ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የተጠበሰ ዓሣ ይሸጣል፤ ከተማው በሙሉ እዚያ ይበላል። በርናዲን ሳህኗን ይዛ ዳሪል ብቻውን ወደተቀመጠበት ጠረጴዛ ሄደች።

«ዳሪል፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው።»

«ዓሣዬን ልጨርስ ወይስ አሁኑኑ ነው?»

«ብላ፤ ጆሮህ ሥራ አልያዘም። ለካዝ ያልከውን ታስታውሳለህ?»

ዳሪል ዙሪያውን አየ። «ካዝ እንዴት ነው?» አለ።

«ሄደህ እየው፤ በር አልተዘጋብህም። እኔ የምፈልገው ያልከውን እንድትጽፍልኝና እንድትፈርምበት ነው።»

ሹካውን አስቀመጠ። «በርኒ፣ ጡረታዬ እደጅ ቆሟል። ሚስቴ ሎይስ ታማ ሐኪም ቤት ናት፤ መድኃኒቷ የሚገኘው በእኔ መድን ነው። ይህን የጻፍኩ ዕለት ቁልፌን ተቀብለው ያሰናብቱኛል።»

«እኛን ስታሰናብት ግን እጅህ አልተንቀጠቀጠም።»

«ተንቀጥቅጧል። አላየሽም እንጂ።»

«አንተ ድሮም እንዲሁ ነህ። የትምህርት ቤቱ የመስኮት መስተዋት ሲሰበር ዓይኑን ጨፍኖ የቆመው ማን ነበር? አንተ አይደለህም?»

ዳሪል አልተቆጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አልተባለም አልልም፤ ተብሏል ብዬም አልጽፍም። ከዚህ በላይ አትጎትቺኝ» አላት። ዓሣውን እንደተወ ኮቱን ደርቦ ወጣ።

በርናዲን ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣች። ካዝ ያን ምሽት ወጥ ቤት ቆሞ የነገራት ከነቃሉ፣ ከነትንፋሹ ጆሮዋ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ዳሪል ቢሮ መኖሯና አለመኖሯ ምን ለውጥ አለው? ነገሩ እንደሆነ እውነት ነው። እንዲህ እያለች ከጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀመጠችና የራሷን ቃል ጻፈች። ከወንድሟ ጋር ወደ ቢሮው እንደሄደች፣ በመስኮቱ አጠገብ እንደተቀመጠች፣ ዳሪል ወረቀት እያየ ግማሽ ድርሻ ሲጠይቅ እንደሰማች አሰፈረች። አንብባ ስታየው ያማረ ነበር። እውነተኛ ነገር በጣም ይመስል ነበር።

ራይፍ ተቀብለው በዝምታ አነበቡት። ከዚያ ከባንኩ ሚስዝ ዳንከልን አስጠሩ፤ መሐላ ተቀብላ ማኅተም የምታኖረው እሷ ናት። ሚስዝ ዳንከል ማኅተሟን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ራይፍ እንደ ልማዳቸው፣ የሚምል ሰው የሚምልበትን ይስማ ብለው ጽሑፉን ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። በርናዲን ቀኝ እጇን አንሥታለች። «በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ» የሚለው ላይ ሲደርሱ እጇ ከበዳት።

«ይቁሙ» አለች።

ራይፍ ቀና አሉ።

«ያ ክፍል መስኮት እንዳለው እንኳ አላውቅም፣ ሚስተር ራይፍ። ገብቼበት አላውቅም።»

ሚስዝ ዳንከል ማኅተሟን ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። በርናዲን ፊቷ ጋለ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

«ካዝ የነገረኝ ግን ነው» አለች። «ከዚያ ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።»

«መስኮቱን ጨምረሻል» አሉ ራይፍ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «እነሱ ያንን መስኮት ያገኙታል። ካገኙት ወንድምሽ የተናገረው እውነት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ደግሞስ፣ በርናዲን፣ ካዝን ለምን አልጠየቅሽውም?»

ያልጠየቀችበት ምክንያት ነበራት፤ ለማንም ግን ተናግራው አታውቅም። ካዝን ሰው እንዲያየው አትፈልግም ነበር። ለዳሪል በር አልተዘጋብህም ብትለውም፣ ሊጠይቀው የሚመጣውን ሁሉ ተኝቷል፣ ደክሟል እያለች ትመልስ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚያውቀው ድምፅ ሲንተባተብ፣ ውሃን ጫማ ሲል፣ ማን ይስማው? ለእሱ ክብር ብላ የምታደርገው ይመስላት ነበር።

በማግስቱ ማገገሚያው ቤት ሄዳ፣ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፤ የኩባንያውን መልስ፣ የዳሪልን ነገር፣ የራሷን የሐሰት መስኮትም ሳታስቀር። ካዝ ደህና በሆነው ግራ እጁ የምግቡን ጠረጴዛ መታ። ጭማቂው ተደፋ። አንድ ረዥም ስድብ ያለ አንዳች እንከን ወረደ። በርናዲን በኩባንያው የተናደደ መስሏት ነበር። እሱ ግን ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ፤ ከዚያ ወደ ራሱ ደረት፤ ከዚያ ወደ አፉ። ልትረዳው ጊዜ አልፈጀባትም። እኔ እያለሁ፣ አፍም እያለኝ፣ ለምን አልጠየቅሽኝም ነው የሚለው።

«ታፍራለህ ብዬ ነው» አለችው።

ካዝ ራሱን ነቀነቀ። «አንቺ» አለ፤ ትክክለኛ ቃል ነበር።

ራይፍ ቃሉን ለመቀበል ሲመጡ ጃኔት የምትባለውን የካዝን የንግግር ሐኪም አብረው አስቀመጡ፤ ሚስዝ ዳንከልም ማኅተሟን ይዛ መጣች። በርናዲን ከክፍሉ እንድትወጣ ራይፍ ጠየቋት፤ እህቱ አስጠንታው ነው እንዳይባል። እሷ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆማ በተከፈተው በር ትሰማ ነበር፤ ማንም አልከለከላትም።

ካዝ አዎንና አይደለምን ስለሚያቀያይር በአውራ ጣቱ እንዲመልስ ተስማሙ። ራይፍ እያንዳንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በቀጥታ አንዴ ገልብጠው ይጠይቃሉ። ወደ ቢሮው ሄደሃል? ጣቱ ወደ ላይ። ቤትህ ነበርክ? ወደ ታች። ሌላ ሰው አብሮህ ነበር? ወደ ታች። ብቻህን ነበርክ? ወደ ላይ። ሥራው አሰልቺ ነበር፤ ሁለቱም ግን አልሰለቹም። በመጨረሻ ራይፍ፣ «አሁን ቃል ላጎርስህ አልችልም፣ ካዝ፤ ራስህ ነው የምትለው። ኩባንያው ምን ጠየቀህ?» አሉት።

ካዝ «ሰኞ» አለ ቆይቶ። ራሱን ነቀነቀ። «ሳሙና... አይ... ሳሙ...» ከዚያ ስድብ፤ ጥርት ያለ። ሚስዝ ዳንከል ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

«ይህም ይጻፍ?» አሉ ራይፍ።

ካዝ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አነሣ፤ ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ጃኔት በቀስታ ጠረጴዛውን በጣቷ ትመታ ጀመር። ከእሱ ጋር የምትሠራው እንዲህ ነበር፤ ንግግር ያጣ ሰው ዜማ አያጣም፣ ቃልም አንዳንዴ የዜማውን ጭራ ይዞ ይወጣል ትል ነበር። ካዝ ምቱን ያዘው። በርናዲን በሩ ላይ እንደቆመች የወንድሟን ድምፅ ሰማች፤ ተሰብሯል፣ ግን የራሱ ነው። «እንደምን... አመሻችሁ... ጉልበት ያላችሁ... ተነሡ...» ምቱ ቀጠለ። «ጉልበት ያላችሁ... ግማሽ... ግማሹን... ስጡን... አለዚያ... ውጡ።»

ጃኔት መምታቷን አቆመች። ራይፍ ያለውን መልሰው አነበቡለትና ይህ ነው የተባልከው ብለው ጠየቁት። ጣቱ ወደ ላይ። ይህ አልተባለም? ወደ ታች። ከዚያ ይህን ያለህ ማን ነው አሉት። ይህኛው ብዙ አልፈጀም። የዳሪልን ስም በግራ እጁ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ፊደሉ የተንጋደደ ነበር። ሚስዝ ዳንከል ማኅተሟን አኖረች። ኮሪደሩ ላይ በርናዲን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፤ ዓይኗን ጠርጋ ገባችና የካዝን የምግብ ሳህን አነሣች።

አቤቱታው ተላከ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ቅጂው ለኩባንያው መድረሱን የሚያረጋግጠው ገጽ ጎድሏል። በርናዲን ስልኩን አንሥታ ቶሊቨርን፣ አንድ ገጽ ጎደለ ተብሎ ይህ ሁሉ ልፋት ይመለሳል ወይ ብላ ጮኸችበት። እሱም እስክትጨርስ አዳመጣት። ከዚያ፣ «ይህን ገጽ የምንጠይቀው እነሱ አልደረሰንም ብለው እንዳያመልጡዎት ነው፣ ሚስ ኩባላ» አላት። «እነሱም እንደዚሁ ይጠየቃሉ። ሲመልሱ፣ አልሆነም የሚሉትን ነገር በቦታው የነበረ ሰው ሊምልበት ግድ ነው።» በርናዲን ያን ጊዜ ነገሩን ብዙም ልብ አላለችውም። ገጹን ጨምራ መልሳ ላከች።

የኩባንያው መልስ የመጣው ዛፎቹ ለምለም ቅጠል ሲለብሱ ነው። ራይፍ ቢሮ ተቀምጠው አነበቡት። ጠበቆቹ የካዝን ቃል ክፉኛ አብጠልጥለውታል። አእምሮው የታወከ በሽተኛ ነው፤ በዘፈን የተሰጠ ምስክርነት በየትኛውም ፍርድ ቤት ተሰምቶ አይታወቅም፤ ይህ መሣለቂያ ነው ይላሉ። በርናዲን ወረቀቱን ልትቀድደው ምንም አልቀራትም። ለካዝ ላለማሳየትም አሰበች። ከዚያ ካዝ ጠረጴዛውን መምታቱ ትዝ አላትና፣ አነብለታለሁ ብላ አጠፈችው።

ራይፍ ግን ልብ አላሏትም። ከመልሱ በስተኋላ የተያያዘውን አንድ ገጽ ይዘው ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ያነቡት ነበር። የዳሪል ቃለ መሐላ ነው። ትራይ ሪጅ በላንዲስ ጋፕ ስንት ቤት እንደሚያገለግል፣ የኩባላዎች ጣቢያ ስንት ዓመት እንደነበረች ይዘረዝራል። ስለዚያ ቀን ያለው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ከሚስተር ካዚሚር ኩባላ ጋር በቢሮዬ ተገናኝቼ ስለ ጣቢያዋ የወደፊት ዕጣ ተነጋግረናል።»

«ከዚያስ?» አለች በርናዲን።

«ከዚያ ምንም የለም» አሉ ራይፍ። «ጠበቆቹ ድርሻ አልተጠየቀም ይላሉ፤ ጠበቆቹ ግን እዚያ አልነበሩም። እዚያ የነበረው ሰው አልተጠየቀም አላለም። ይህንን አንድ መስመር ቢጽፍላቸው ኖሮ እኛ አልቆልን ነበር።»

«ረስቶት ነው?»

«እንዲህ ያለ መስመር የሚረሳ ጠበቃ የለም። ጽፈው አምጥተውለት ይሆናል። አልፈረመም ማለት ነው።»

በርናዲን ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠች። በዓሣው ጠረጴዛ ላይ የተናገረችው ሁሉ ትዝ አላት። ዳሪል ያለውን ነው ያደረገው፤ ተብሏል ብሎ አልጻፈም፣ አልተባለም ብሎም አልጻፈም። እሷ እጇን ካነሣች በኋላ ያቃታትን ነገር እሱ ደግሞ አለቆቹ ቆመው እያዩት እምቢ ብሏል።

ራይፍ የመልስ መልሳቸውን አጭር አድርገው ጻፉ። የተከሳሹ ብቸኛ ምስክር የክሱን ዋና ነገር አላስተባበለም፤ መሥሪያ ቤቱ ይህንን ይመልከትልን አሉ። ብዙም ሳይቆይ፣ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት፣ ከኩባንያው ስልክ መጣ። ድርሻ የሚባል ነገር አይነሣም፤ ጣቢያዋ ትመለሳለች፤ ቁጥር ሦስት ግን ተይዟል፣ ሰባ ስምንት ላይ ትገባለች። በምትኩ አቤቱታው ይነሣ።

በርናዲን አልፈለገችም። ጥፋታቸው በመንግሥት እጅ እንዲጻፍ ነበር ምኞቷ። ያ ሁሉ ገጽ፣ ያ ሁሉ ደጅ ጥናት፣ ማን እንዳጠፋ ሳይነገር በስልክ ሊያልቅ ነው? ለካዝ ነገረችው፤ የኩባንያውንም ስድብ አነበበችለት። መሣለቂያ የሚለው ላይ ስትደርስ ሳቀ። ከዚያ በረጅሙ አሰበና፣ «ሙታን» አለ።

የተሳሳተ ቃል መስሏት ጠበቀችው። እሱ ግን ደገመው፤ «ሙታን... ማን... ያነባል?»

ያን ጊዜ ገባት። ጣቢያዋ ከጠፋች ወዲህ በከተማዋ የሞቱት ሰዎች ስማቸው ሳይነበብ ነው የተቀበሩት። አዛውንቶቹ እርስ በርሳቸው መሞታቸውን የሚሰሙት ከቀብር በኋላ ነበር። ካዝ ውሳኔ መጠበቅ አልፈለገም። እሷም በወረቀት ላይ ለሚጻፍ ድል ምናልባት አንድ ዓመት መጠበቅ ከበዳትና፣ ራይፍን ይፈረም አለቻቸው።

ጣቢያዋ የተከፈተች ምሽት ካሜራውን ለአንድ የሰፈር ልጅ ሰጥታ ራሷ ተቀመጠች። በእነዚያ ወራት የሞቱትን ሁሉ፣ ከነመንደራቸው፣ አንድ በአንድ አነበበች። ሁለት ስም ላይ ተሳስታ አረመች። ካዝ ከጎኗ በተሽከርካሪ ወንበሩ ተቀምጦ አላወራም፤ አንዲት ሴት ስሟ ሲጠራ ብቻ፣ አብሯት የጨፈረ ስለነበር፣ ራሱን ዝቅ አደረገ።

ይሁን እንጂ ስልኩ እንደገና ይጮኽ ጀመር፤ አሁን ደግሞ፣ ሰባ ስምንት የታለ የሚል ነበር። የአዛውንቶቹ የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ ሦስት ላይ ደርቋል፤ ብዙዎቹ ያንን የሚያህል ቁጥር መጫን አይችሉም። ስለዚህ በርናዲን ካዝን በመኪናዋ እያስቀመጠች ከቤት ቤት መዞር ያዘች። አንዳንዶቹ ሾርባ ካላጠጧት አይለቋትም፤ አንዳንዶቹ ካዝን ለማየት ወደ መኪናው ይወጣሉ፣ እሱም በግራ እጁ ይጨብጣቸዋል። ካዝን ሊያይ የመጣን ሰው መመለስ አቁማ ነበር። እንዲህም ሆኖ ጣቢያዋን ያላገኟት አልጠፉም፤ ማን እንደሆኑም አታውቅም።

ከእነዚያ ቤቶች አንዱ የዳሪል እናት የሚስዝ ሃንሲከር ነበር። አሮጊቷ ከአልጋ መውረድ ካቆሙ ቆይተዋል። በርናዲን በሩን ስታንኳኳ የከፈተላት ዳሪል ነው። ከኩባንያው ወጥቶ ነበር፤ ጡረታው ጥቂት ተቀንሶበት፣ ግን መድኑ ሳይነካ፣ በስምምነት ነው ብሎ ለሰው ያወራል። በርናዲን ከዚያ የዓሣው ቀን ወዲህ ፊት ለፊት አላገኘችውም ነበር።

«ሰባ ስምንትን ልከፍትላቸው ነው የመጣሁት» አለችው።

«ከፍቼላታለሁ» አለ። «በመጀመሪያው ቀን።»

ሁለቱም በሩ ላይ ቆሙ። ስለ ሎይስ ጠየቀችው፤ እየተሻላት ነው አላት።

«ዳሪል» አለች በርናዲን፣ «ያ የመስተዋቱ ነገር...»

«የሰበረው ካዝ ነበር» አለ ዳሪል። «ያን ጊዜም አልተናገርኩበትም።»

በርናዲን ሳቋ ሳታስበው አመለጣት። ዳሪል ኮቱን ከበሩ ኋላ አንሥቶ ደረበና፣ ካዝ ወደተቀመጠበት መኪና ሄደ። እሷ ገብታ ሚስዝ ሃንሲከር አጠገብ ተቀመጠች፤ አሮጊቷ በሰባ ስምንት የቆየ የተማሪዎች የትግል ግጥሚያ እያዩ ስለነበር እንድታወራባቸው አልፈቀዱላትም።